ጆሮ የሌለው ገበያ፤ የቻይና ዋሽንት በፎቶ ሲሸጥ

በኢንተርኔት የገበያ መድረኮች ላይ «የቻይና ዋሽንት» ብሎ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ቀለም ነው። ጥቁሩ ላይ ቀይ የክር ዘርፍ ተንጠልጥሏል፣ ቡናማው ላይ ዘንዶ ተቀርጿል፣ የሌላው ወገብ ላይ የናስ ቀለበት ያብረቀርቃል። ዋጋው ከ10 ዶላር አካባቢ ተነስቶ ብዙ መቶ ዶላር ይደርሳል። ከሥሩ «ፕሮፌሽናል»፣ «የኮንሰርት ደረጃ»፣ «ለጀማሪም ለባለሙያም የሚሆን» ተብሎ ተጽፏል። ፎቶው ከአምስት አቅጣጫ ተነስቷል፤ ማሸጊያ ሣጥኑ ሳይቀር ፎቶ አለው። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ድምፁ።

ይህ ተራ የሸማች ቅሬታ ሊመስል ይችላል፤ «የተላከልኝ ዕቃ እንደ ፎቶው አይደለም» ከሚሉት አቤቱታዎች አንዱ። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። የሚመጣው ዋሽንት ቁርጥ ፎቶውን ነው። ዘንዶው አለ፣ ዘርፉ አለ፣ ናሱም ያብረቀርቃል። ገዢው አቤት የሚልበት የሚያጣውም ለዚህ ነው። ሻጩ ያሳየውን ሁሉ ልኳል። ያልላከው ያላሳየውን ነው።

ጥፋቱን «አይቶ ያልገዛ ሞኝ ገዢ» ላይ ጥሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ብዙ ሰውም የሚያደርገው ያንን ነው። ዓይን የሚያየውን ብቻ የሚከፍልበት ገበያ ግን ውሎ አድሮ ዓይን የሚያየውን ብቻ የሚሠራ ሠሪ ያፈራል። የዚህ ንግድ ትልቁ ጉዳት ያለው እዚያ ነው። በአንድ ገዢ ኪስ ላይ የሚደርሰው ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው።

የሚወራው በዋናነት ስለ ዲዚ ነው። (ስሙ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ማጂ አካባቢ ከሚኖረው የዲዚ ብሔረሰብ ስም ጋር መገጣጠሙ አጋጣሚ ብቻ ነው።) ዲዚ እንደ ኢትዮጵያው ዋሽንት ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን፣ አግድም ተይዞ የሚነፋ የቀርከሃ መሣሪያ ነው። ስድስት የጣት ቀዳዳ አለው። ወደ ታች ተይዞ የሚነፋው ዘመዱ ሺያዎ ይባላል፤ ድምፁ ዝቅ ያለና የሚያባባ ነው፣ ለኢትዮጵያ ጆሮም የሚቀርበው እሱ ነው። ቻይና ውስጥ የዚህ ቤተሰብ ዕድሜ የሚያስገርም ነው። በሄናን ግዛት ጂያሁ በተባለ ቦታ ከወፍ የክንፍ አጥንት የተሠሩ፣ ከ7,000 እስከ 9,000 ዓመት ዕድሜ የሚገመትላቸው ዋሽንቶች ተቆፍረው ወጥተዋል፤ ሳይሰነጠቅ የተገኘ አንዱ ተነፍቶ ድምፅ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1978 ሁቤይ ውስጥ በተቆፈረው የዜንግ መስፍን ዪ መቃብር ደግሞ አግድም የሚነፉ የቀርከሃ መሣሪያዎች ተገኝተዋል፤ መቃብሩ ከክርስቶስ ልደት በፊት የ433 ዓመት ገደማ ነው።

ዲዚን ከአብዛኛው የዓለም ዋሽንት የሚለየው አንድ ትርፍ ቀዳዳ ነው። ከሚነፋበት ቀዳዳና ከጣት ቀዳዳዎቹ መካከል ይገኛል፣ በጣት ግን አይነካም። ከሸምበቆ ውስጠኛ ግድግዳ ተላጣ በወጣች፣ ከሽንኩርት ልጣጭ በሳሳች ሽፋን ይሸፈናል። ዲሞ ይሏታል። ትንፋሽ ሲገባ ሽፋኗ ትርገበገባለች፤ በቻይና ፊልም ውስጥ የሚሰማው ያ ብሩህ፣ ትንሽ የሚነዝር ድምፅ የሚመጣው ከእሷ ነው። አለጣጠፏ ራሱ ሙያ ነው። ጥቃቅን ሽብሽቦች እንዲኖሯት ተደርጋ ትለጠፋለች። ከመጠን በላይ ከተወጠረች ድምፁ ይታፈናል፣ ከላላች ይንኮሻኮሻል። ቀዳዳው ጭራሽ ክፍት ከሆነ ደግሞ ዋሽንቱ አልጮህ ይላል። ብዙ ጀማሪ ዕቃውን ከሣጥኑ አውጥቶ ነፍቶ ነፍቶ ሲያቅተው «ተበላሽቶ መጣ» ብሎ የሚደመድመው በዚህች ቀዳዳ ምክንያት ነው። ሽፋኗ በትንሽ ወረቀት ተጠቅልላ ከሣጥኑ ጥግ ተቀምጣ ሳለ ማለት ነው።

ሽፋኗ የምትለጠፍበት ባህላዊ ሙጫ ኤጂያዎ ይባላል፤ ከአህያ ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ነው። እዚህ ላይ ጉዳዩ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ አይደለም። ኤጂያዎ በዋናነት የሚፈለገው ለባህላዊ መድኃኒት ሲሆን የአፍሪካን አህዮች ለአደጋ የዳረገውም ያ ፍላጎት ነው። ቢሾፍቱ የነበረው የአህያ ቄራ እ.ኤ.አ. በ2017 በሕዝብ ተቃውሞ ተዘግቷል። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ አህያን ለቆዳው ሲባል ማረድ እንዲታገድ ወስነዋል። አንድ ዋሽንት ነፊ የሚፈጀው የምስር ፍሬ የምታህል ስለሆነ ጥፋቱን እሱ ላይ መጫን አግባብ አይሆንም። ቢሆንም የተላጠ ነጭ ሽንኩርት ቀዳዳው ዙሪያ ቢታሽ ጭማቂው ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ የሚጠቀሙበት ነፊዎችም ጥቂት አይደሉም።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ ከተባለ፣ ፎቶ የማያሳየው ምንድን ነው? ቀርከሃ ከፋብሪካ የሚወጣ ቧንቧ አይደለም። የበቀለ ነገር ነው፣ ስለዚህ ሁለት አንድ ዓይነት ቀርከሃ የለም። የአንዱ ውስጥ ሰፋ ብሎ ይጀምርና እየጠበበ ይሄዳል፤ የሌላው ግድግዳ በአንድ በኩል ይወፍራል፤ የሦስተኛው ክብነት ትንሽ ይጣመማል። ከሀንግዡ ከተማ ወጣ ብላ የምትገኘው ዦንግታይ የቻይና የዋሽንት አገር ተብላ የምትታወቅ ናት። የአካባቢው ሰዎች የሚጠቀሙበት «መራራ ቀርከሃ» የሚባለውን ዝርያ ነው። በክረምት ይቆረጣል፣ ለዓመታት ተቀምጦ ይደርቃል፣ በእሳት እየሞቀ ይቃናል፣ ውስጡ ይጸዳል። እስከዚህ ድረስ ያለው ሥራ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ቀዳዳ ሲጀመር ግን ጆሮ ይጠየቃል።

ጥሩ ሠሪ የጣት ቀዳዳዎቹን በአንድ ጊዜ በሙሉ ስፋታቸው አይከፍትም። አነስ አድርጎ ይበሳል፣ ይነፋል፣ ያዳምጣል፣ በቢላ ወይም በሞረድ ትንሽ ያሰፋል፣ እንደገና ይነፋል። አንዱን ቀዳዳ ማስፋት የጎረቤቱን ድምፅ ያናጋል። የታችኛው ድምፅ ልክ ሲሆን ያው ድምፅ ከፍ ብሎ ሲነፋ ሊሳት ይችላል። ሠሪው በሁለቱ መካከል እያስታረቀ ይሄዳል። ይህን ነገር ከልብ ካጠኑት አንዱ የዠጂያንጉ ዛዎ ሶንግቲንግ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ያረፈ ስመ ጥር ነፊና መምህር። ሙቀት የዋሽንትን ድምፅ እንዴት እንደሚለውጥና ቀዳዳዎች የት መበሳት እንዳለባቸው በስሌት መርምሯል። ነገሩ የሚሰላ መሆኑ ግን ቀላል አያደርገውም። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲለዋወጥ የዋሽንቱ ድምፅ ከግማሽ ድምፅ ሲሶ ገደማ ይንቀሳቀሳል፤ ይህን ማንም ጆሮ ያለው ሰው ይሰማዋል። ስለዚህ አንድ ሠሪ በክረምት ብርድ የቃኘውና በበጋ ሙቀት የቃኘው፣ ካልተጠነቀቀ፣ ሁለት የተለያየ ዕቃ ነው።

አሁን አንድ የ15 ዶላር ዋሽንት ይታሰብ። ከዚያ ላይ የመድረኩ ድርሻ፣ ማሸጊያው፣ ማጓጓዣው፣ የነጋዴው ትርፍ ይነሳል። ለሠሪው በሚቀረው ገንዘብ ሦስት ጊዜ ነፍቶ ሦስት ጊዜ የሚሞርድ ሰው መቅጠር አይቻልም። ዘንዶውን ማሽን ይቀርጸዋል፣ ርካሽ ነው። ዘርፉ ርካሽ ነው። ናሱም ርካሽ ነው። ቀዳዳዎቹ በአንድ ልኬት፣ የቀርከሃው የውስጥ ስፋት ምንም ይሁን ምን፣ በመሰርሰሪያ ይበሳሉ። ከዋጋው ላይ መጀመሪያ የሚቀነሰው ጆሮ ነው፤ ጆሮ መቀነሱ በፎቶ አይታይማ።

የዋሽንት ነገር ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ስላልሆነ ልዩነቱ ይገባል። ዋሽንት የሚነፋ ሰው ለተለያየ ቅኝት የተለያየ ርዝመት ያላቸውን በርከት አድርጎ ይይዛል፤ ሲገዛም ሳይነፋ አይገዛም። ሻጩም ሳያስነፋ አይሸጥም፣ ብዙ ጊዜ ራሱ ነፊ ነው። ለቱሪስት ተብሎ በቀለም ተዥጎርጉሮ ግድግዳ ላይ ለመስቀል የሚሸጠው ሌላ ነገር ነው፤ እሱንም ሻጩም ገዢውም ያውቃሉ፣ ማንም አልተታለለም። የኢንተርኔቱ ገበያ ችግር የግድግዳውንና የሚነፋውን በአንድ መደርደሪያ፣ በአንድ ስም፣ አንዳንዴም በአንድ ዋጋ ማስቀመጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታየው «ዘ አንቴምድ» የተሰኘው የቻይና ተከታታይ ድራማ ዋና ገጸ ባሕርይ ጥቁር ዋሽንት በቀይ ዘርፍ ይዞ ይዞር ነበር። ከዚያ ወዲህ የእሱ ቅጂ በየመድረኩ ሞልቷል። ለጌጥ የፈለገው ወጣት ምንም አላጠፋም፤ ያምርበት። ከጎኑ ሊማር የመጣው ግን ያንኑ እየገዛ ነው።

የሚጎዳውም ይኸኛው ነው። መምህር የሌለው፣ ከቪዲዮ እያየ የሚማር ሰው፣ ዋሽንቱ መሳቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። አራተኛው ድምፅ ዝቅ ብሎ ሲወጣ ከንፈሩን ይወቅሳል። ከፍ ያለው ድምፅ እምቢ ሲል ትንፋሹን ይወቅሳል። ሁለት ወር ታግሎ «ለሙዚቃ አልተፈጠርኩም» ብሎ ይተወዋል። ልጅ ከሆነ ደግሞ ይህን የሚነግሩት ወላጆቹ ናቸው። በርካሽ ዋሽንት ላይ የሚጠፋው ገንዘብ 15 ዶላር ነው እየተባለ ጉዳዩ ይቃለላል። የሚጠፋው ግን ያ ሰው ስለ ራሱ ጆሮ የነበረው እምነት ጭምር ነው፤ እሱ ደግሞ ተመላሽ አይደረግም።

ሌላ የሚያሳስት ነገር አለ፤ ይህኛው ግን የማንም ተንኮል አይደለም። የዲዚ መጠሪያ ድምፅ የሚወሰነው ስድስቱም ቀዳዳ ተዘግቶ አይደለም፤ የላይኞቹ ሦስቱ ተዘግተው በሚወጣው ድምፅ ነው። ስለዚህ «ዲ» የሚል ዲዚ ሁሉም ሲዘጋ የሚሰጠው «ኤ»ን ነው። የአየርላንድ ዋሽንት የለመደ ሰው «ዲ» አዝዞ ሌላ ነገር ይደርሰውና ሻጩን ሌባ ይለዋል። ለጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚመከረው «ኢ» ወይም «ኤፍ» ነው፣ የጣት ርቀቱ መካከለኛ ስለሆነ። ደቡቡ፣ በተለይ ሱዡ አካባቢ፣ ለኩንቹ ኦፔራ ረዘም ያለውንና ለስለስ ያለውን ቹዲ ይወዳል። ሰሜኑ አጭሩንና ስለታሙን ባንግዲ ይወዳል።

ስለ ፊርማ ደግሞ መነገር ያለበት አለ። ውድ የሚባሉ ዋሽንቶች ላይ የሠሪው ስም በቻይንኛ ፊደል ተቀርጾ ይገኛል። ከስሙ ቀጥሎ የምትመጣውን ቃል ማንበብ ያስፈልጋል። «ጂያንዢ» ከሆነች ባለ ስሙ ሥራውን ተቆጣጥሮታል ማለት ናት፤ በእጁ ሠርቶታል ማለት አይደለችም። በወርክሾፑ ውስጥ ሌሎች ሠርተውት እሱ አይቶት ሊሆን ይችላል። ይህ ራሱ ነውር የለውም፤ ብዙ ጥሩ ዋሽንት የሚወጣው እንዲህ ነው። ነገር ግን የመድረኩ አውቶማቲክ ተርጓሚ ቃሏን «የተሠራ በ» ብሎ ያልፋትና ገዢው የመምህሩን እጅ የገዛ ይመስለዋል። የታወቀ ስም አስመስሎ የሚቀርጽም አለ። ስም በመርፌ ይቀረጻል፣ ቅኝት ግን አይቀረጽም።

ከሁሉ የሚያነጋግረው ግን የእንጨቱ ወሬ ነው። በመድረኮቹ ላይ ዋጋ ከቀርከሃ ወደ እንጨት ሲሸጋገር በእጥፍ ይዘላል። «ዚታን»፣ «ቀይ ሰንደል»፣ «ጥቁር እንጨት» ይባላል፣ የንጉሠ ነገሥት ቤተ መንግሥት ወንበር ይጠቀሳል። እውነተኛው ዚታን በደቡብ ሕንድ የሚበቅል፣ ሥጋት ላይ ያለ፣ ንግዱ ቁጥጥር የሚደረግበት ዛፍ ነው። በገበያው «ባለ ሰፊ ቅጠል ዚታን» ተብሎ የሚሸጠው ግን ብዙ ጊዜ የማዳጋስካር እንጨት ነው። ሌላው ተወዳጅ እንጨት ደግሞ አፍሪካዊው ጥቁር እንጨት፣ በሳይንሳዊ ስሙ ዳልበርጂያ ሜላኖክሲሎን፣ ነው፤ ከምሥራቅ አፍሪካ ይወጣል። አውሮፓ ክላሪኔትና ኦቦ የምትሠራው በእሱ ነው። የቻይና ብሔራዊ የውድ እንጨቶች መለኪያም ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። ይህ ዛፍ በሰሜን ኢትዮጵያ ደረቅ ቆላዎችም ይበቅላል። ስለዚህ አንድ የዋሽንግተን ወይም የስቶክሆልም ነዋሪ «ጥንታዊ የቻይና የእንጨት ዋሽንት» ብሎ የሚገዛው ከአፍሪካ ወጥቶ፣ ቻይና ተጠርቦ፣ በቻይንኛ ስም የተመለሰ እንጨት ሊሆን ይችላል። የዛፉ አገር ስሙ በማስታወቂያው ላይ የለም።

ሕጉም ተለዋውጧል። ሥጋት ላይ ያሉ ዝርያዎችን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሳይትስ፣ ከጃንዋሪ 2017 ጀምሮ የዳልበርጂያን ቤተሰብ በሙሉ በፈቃድ ብቻ የሚንቀሳቀስ አደረገው። ሙዚቀኞች ጮኹ፤ መሣሪያቸውን ይዘው ድንበር ማለፍ ከበዳቸው። በኖቬምበር 2019 ለአብዛኞቹ ዝርያዎች የተጠናቀቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከፈቃድ ነጻ ሆኑ። ለሙዚቀኛው ፍትሐዊ ነው። ለደኑ ያለው ትርጉም ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ በተለይ ሻጩ ራሱ የእንጨቱን ትክክለኛ ስም በማይጽፍበት ገበያ።

ይህ ሁሉ ዋጋ የሚከፈለውስ ለምንድን ነው? በዋሽንት ውስጥ ድምፅ የሚሰጠው የሚርገበገበው አየር ነው፤ እንጨቱ አይደለም። የውስጡ ስፋትና ቅርጽ፣ የሚነፋበት ቀዳዳ ጠርዝ አቆራረጥ፣ የጣት ቀዳዳዎቹ ቦታ፤ ዋሽንትን ዋሽንት የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው። እንጨት በጥንካሬውና በትክክል በመታረሱ ሊጠቅም ይችላል፣ ክብደቱንም የሚወድ አለ። በደንብ የተቃኘ ተራ ቀርከሃ ግን በደንብ ካልተቃኘ ዚታን ይበልጣል፤ ይህን የሚክድ ነፊ ማግኘት ይከብዳል። ገበያው የሚናገረው ተቃራኒውን ነው። ምክንያቱም የእንጨት ቀለም ፎቶ ያምርበታል።

እንጨትም ይሁን ቀርከሃ አንድ ጠላት አላቸው፣ ድርቀት። ከሀንግዡ እርጥብ አየር የወጣ ቀርከሃ ማሞቂያ ወደሚሠራበት የቤጂንግ ክረምት ሲሄድ እንኳ ይሰነጠቃል፤ ዋሽንቱ ላይ በየቦታው የሚጠመጠመው ክር ጌጥ ብቻ ሳይሆን ይህን ለመያዝ ነው። በአዲስ አበባ የበጋ ወራት፣ በዴንቨር፣ አየር ማቀዝቀዣ ሌት ተቀን በሚሠራበት የዱባይ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። ማስታወቂያዎቹ ስለዚህ ሲናገሩ እምብዛም አይገኝም። እንደ እውነቱ ከሆነ ደረቅ አገር የሚኖር ጀማሪ ዘንዶ ከተቀረጸበት ርካሽ ቀርከሃ ይልቅ የፕላስቲክ ዲዚ ቢገዛ ይሻለዋል። ፕላስቲክ በቅርጽ ማውጫ ስለሚሠራ ከአንዱ አንዱ አይለይም፣ አይሰነጠቅም፣ አንዴ ቅኝቱ ከተስተካከለ ሁሉም ልክ ነው። አያምርም፤ ለዚህም ነው ከፍለጋው ውጤት ታች የሚገኘው።

ርካሹ ገበያ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። መምህር በሌለበት፣ የሙዚቃ መደብር በሌለበት ከተማ ያለ ልጅ በ15 ዶላር የሩቅ አገር መሣሪያ እጁ ማስገባት መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከሃያ ዓመት በፊት የማይታሰብ ነበር። አንዳንዱም ዕድለኛ ሆኖ ልክ የሆነው ይደርሰዋል። የሚያሳዝነው ዕድል መሆኑ ነው። ያው ስልክ፣ ያው መድረክ፣ ሠሪውንና ነፊውን ያለ አማላጅ ሊያገናኝ ይችል ነበር። ቻይና ውስጥ ሠሪዎች ካሜራ ፊት ቀርበው እየነፉ በቀጥታ ሥርጭት ይሸጣሉ፤ ገዢው ይሰማል፣ ይጠይቃል፣ «ያኛውን አንሳው» ይላል። ውጭ አገር ላለው ገዢ የሚደርሰው ግን አምስቱ ፎቶ ነው።

በዚህ ላይ የአሜሪካ የቀረጥ ለውጥ መጣ። ቀድሞ ከ800 ዶላር በታች የሆነ ዕሽግ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ከቻይናና ከሆንግ ኮንግ ለሚመጣ ዕቃ ይህ በሜይ 2 ቀን 2025 ቆመ፣ ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ለሁሉም አገር ቆመ። የታለመው በትልልቆቹ የርካሽ ዕቃ መድረኮች ላይ ነበር። እነሱ ግን በኮንቴይነር አስገብተው አሜሪካ መጋዘን ውስጥ የሚያከማቹበት አቅም አላቸው። አንድ የ80 ዶላር ዋሽንት ነፍቶ፣ ቃኝቶ፣ ጠቅልሎ በፖስታ የሚልከው የዦንግታይ ሠሪ የለውም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። በኮንቴይነር የሚመጣው ዋሽንት ደግሞ የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ሺህ አንድ ዓይነት ዘንዶ ያለበት።

መፍትሔው የተወሳሰበ አይደለም። መድረኮቹ ሻጩ ፎቶውን በነጭ ጀርባ ላይ እንዲያነሳ፣ መጠኑን በሴንቲ ሜትር እንዲጽፍ ያስገድዳሉ። የሚነፋ መሣሪያ የሚሸጥ ሰው የድምፅ ቅጂ እንዲያያይዝ ማስገደድ ከዚያ የበለጠ አይከብድም። ቅጂው ሊሰረቅ፣ ከሌላ ዋሽንት ሊወሰድ እንደሚችል የታወቀ ነው፤ ፎቶም ይሰረቃል። ቢያንስ ሻጩ ዋሽንት መንፋት የሚችል ሰው መፈለግ ይኖርበታል። ብዙዎቹ መደብሮች ያንን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀጥሩት ያኔ ይሆናል።

እስከዚያው ገዢው ራሱ ሊጠይቅ ይችላል። መልእክቱ አጭር ነው፤ ተርጓሚውም አያበላሸውም፦ «የምትልኩልኝን ያንኑ ዋሽንት፣ ከታችኛው ድምፅ እስከ ላይኛው፣ አንድ በአንድ ቀስ ብላችሁ ነፍታችሁ፣ የመቃኛው ስክሪን እየታየ፣ ማስተጋቢያ ሳትጨምሩ ቅዱልኝ።» አርባ ሰከንድ የማይፈጅ ሥራ ነው። አንዳንዱ ሻጭ በማግስቱ ቪዲዮውን ይልካል፤ ከጀርባው የሌላ ሰው ሞረድ ሲፋቅ ሊሰማ ይችላል። ሌላው ደግሞ እንዲህ ብሎ ይመልሳል፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ዛሬ ካዘዙ የ20 በመቶ ቅናሽ አለዎት።»